ዳገቱ አይደለም

ሁልጊዜ ዳገቱን ነበር የማማው።
ከላ ፓዝ ጉድጓድ ወደ ኤል አልቶ ስወጣው
"አየሩ ሳስቶ ነው" እላለሁ ለሰው፤
"እንኳንስ ብረቱ፣ ሳንባም ትንፋሽ አጠረው።"

ወያላዬ ኔይሳ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥላ፣
መንገዱን ታደምቃለች "ሴሃ! ሴሃ!" ብላ።
አሥራ አራት ሰው ጭኜ፣ ሁለት ጆንያ ድንች፣
ሦስተኛው ኩርባ ስደርስ መኪናዬ ሰለቸች።
ነዳጁን ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ ብረግጥ፣
እግሬ ወለል ነካ፤ እሷ ግን ላትሮጥ።
አንዲት ባለ ባርኔጣ እናት ወረዱና በእግራቸው
ቀደሙን፤ እጃቸውን አውለበለቡ፣ ዞረው፣ ስቀው።

ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ፖምፓ ቀየርኩ፤ ካንዴላውን ተውኩት፤
ኪሴ ባዶ ቀረና "ከካርኒቫል በኋላ" አልኩት።
ሽታም ነበረ፣ የተበላሸ እንቁላል፤
ተሳፋሪው ሁሉ ጎረቤቱን ያያል።

ዶኛ ሩፊና፣ ከቆርቆሮ ተራው ጀርባ፣
ከሰፊ ቀሚሷ በላይ የቆዳ ሽርጥ ደርባ፣
መጀመሪያ ሰማች፤ መፍቻ አላነሣችም።
"አስነሣት" አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችም።
መዳፏን ዘረጋች ከጭስ መውጫው አፍ ላይ፣
የልጅ ግንባር ዳብሳ ትኩሳት እንደምታይ።
"ጉድ ነው" አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣
"ትስባለች እንጂ አትተነፍስም እሷ።"

ሴንሰሩን ነቅላ በቀዳዳው ግፊት ስትለካ
ቀስቱ ዘለለ፣ ቀዩን መስመር ነካ።
በጎማ መዶሻ ሆዱን ስትነካካው
የተሰበረ ሸክላ ነበር የመለሰው።

"ካታሊስቱ ውስጥ ሰፈፍ አለ፣ ሺህ ዓይን ያለው፤
ጭስ በዚያ ሲያልፍ ነው መርዙን የሚጥለው።
ያንተው ቀልጦ ደፍኗል። ዳገቱ አይደለም።
ግን ሰፈፍ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀልጥም።"

ገባች። ዳሽቦርዱን አየች።
ጥቁር ፕላስተር ነበር። ጥፍሯን ሰድዳ ላጠች።
ቢጫው የሞተር መብራት
ቦግ አለ፣ ከነንዴቱ፣ እንደተውኩት።

ስምንት ወር ሸፍኜው። አሁን እኔም ተነፈስኩ፤
"ዕዳ ነበረብኝ" አልኳት። "ሲበራ ፈራሁ፤ ለጠፍኩ።"
"በሽታውን የደበቀ..." ብላ ጀመረች፤
ፊቴን አይታ ተወች።

ሦስተኛው ካንዴላ ጠቁሮ፣ ረጥቦ ወጣ፤
ቦቢናውም ሞቷል፤ ብልጭታ ካጣ ቆየ፣ ካጣ።
ሳይነድ ያመለጠ ቤንዚን ወርዶ እዚያ ነደደ፤
በቤቱ ያልበራ እሳት ጎረቤት አነደደ።

"እንግዲያ" አልኩ፣ ዋጋውን ሰምቼ፣
"በብረት ዘንግ ውቂው፤ ባዶውን ልንዳው ትቼ።
ማን ያያል?"
ዝም።
ከጋራዡ ጫፍ ከተማው ይታያል፤
ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ተራራ የከበበው፤
የተፋንበት ሁሉ እዚያው ነው የሚያድረው።
ዶኛ ሩፊና ልትናገር ስትል ኔይሳ ቀደመቻት፦
"አጎቴ፣ በሩ ላይ የምንጠለጠለው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምስበው እኔ።"
ከዚህ በኋላ ስለ ዘንግ አላነሣሁም።

ቡሎኖቹ ዝገው ከቱቦው ጋር አንድ ሆነዋል።
ዘይት አጠጣቻቸው፤ አደሩ። አንዱ ግን ተሰብሯል፤
በአይማራ ሰደበችው፤ ምን እንዳለች አልተረጎመችም።
በፊት ካንዴላና ቦቢና፣ ከዚያ ካታሊስቱ፤ ቅደም ተከተሉን አልሳተችም፤
"አለዚያ አዲሱንም ታበስለዋለህ።"
ግማሹን በጥሬ ከፈልኩ፤ ለግማሹ ትርፍ ጎማዬን አስያዝኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣
ያቺ ባለ ባርኔጣ እናት በእግራቸው ወደ ላይ።
ቆምኩ። "ይግቡ" አልኳቸው።
"ሂድ" አሉኝ፤ "ላይ እጠብቅሃለሁ"፤ እንደ ልማዳቸው
ስቀው።
ቀድሜ ደረስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤
ኔይሳ ግን ለሁሉም ነገረች።

መብራቱ ጠፍቷል።
ፕላስተሩ የነበረበት ቦታ ሙጫው ቀርቶ አቧራ ይዟል፤
ስነዳ ጣቴ ሳላስበው ወደዚያ ይሄዳል።
ዳገቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣
አሁንም ትንሽ ይከብዳል።